ቦርሳ የሚዘጋው ሰው

እጁ ከግራጫው ካፖርት እጅጌ ውስጥ ቀስ ብሎ ወጣ። ጣቶቹ ረጃጅም ናቸው፤ ጥፍሮቹ በንጽሕና ተከርክመዋል። የባቡሩን መወዛወዝ ሰበብ አድርጎ ትንሽ ወደ ፊት ሄደ፣ ቆም አለ፣ ደግሞ ሄደ፤ በመጨረሻም ጀርባዋን ሰጥታው በቆመች ተማሪ ቦርሳ ላይ አረፈ። ተማሪዋ ነገሬም አላለችው። ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን እያነቃነቀች ለፈተና ያጠናችውን በቃሏ ትወጣለች።

ጥበቃዋ ግን አየችው። የቆመችው በሁለቱ ፉርጎዎች መጋጠሚያ፣ ወለሉ ከእግር ሥር በሚንሸራተትበት ቦታ ላይ ነው፤ ከእሷና ከእጁ መካከል የጠዋት ተሳፋሪ እንደ እንጨት ሸክም ተጣብቆ ቆሟል። ሬዲዮዋን ከወገቧ ነቅላ ትንፋሿን ዋጠች። የሚፈለገው እጅ ከፍንጅ መያዝ ነው፤ ካፖርት መያዝማ ማንን ያቅታል! እጁ ገብቶ፣ ይዞ እስኪወጣ መጠበቅ አለባት።

እጁ አልገባም። ሁለት ጣቶች የዚፑን ጫፍ ቆንጥጠው ከዳር እስከ ዳር ጎተቱትና ወደ መጡበት እጅጌ ባዷቸውን ተመለሱ። ባቡሩ ቆመ፣ በሮቹ ተከፈቱ፣ ካፖርቱም ከወራጁ ጋር ተቀላቅሎ ሄደ።

«ወይ ጉድ!» አለች ጥበቃዋ ለራሷ።

«ይቅርታ፣ አሳልፉኝ» እያለች ሰው ሰንጥቃ ተማሪዋ ዘንድ ደረሰች። «እህቴ፣ እስቲ ቦርሳሽን ፈትሺው።»

ተማሪዋ ክው አለች። ቦርሳውን ከፍታ ደብተሮቿን፣ ስልኳን፣ የተጣጠፈ ጃንጥላዋን፣ ተገምጦ የተረፈ ዳቦዋን ሳይቀር ዳሰሰች። «ሁሉም አለ» አለች ደረቷን ይዛ። ወዲያው ግን ግንባሯን ቋጠረች። «ግን እኮ ዚፑን አልዘጋሁትም ነበር። ስለሚያስቸግረኝ ሁልጊዜ ክፍቱን ነው የምይዘው። አንቺ ነሽ የዘጋሽልኝ?»

ጥበቃዋ ወደ በሩ ዞራ ካፖርቱን በዓይኗ ፈለገች። መልስ ሊቸግራት ይችላል፤ ጥያቄ ግን ቸግሯት አያውቅም።

በሥራ ቦታ በስሟ የሚጠራት የለም፤ «ወይዘሮ ለምን» ነው የሚሏት። ሥልጠና ላይ «ከቢጫው መሥመር አልፎ የቆመን ተሳፋሪ ወደ ኋላ መልሱ» ሲባል ሌላው ሁሉ «እሺ» አለ፤ እሷ «ለምን ቢጫ ሆነ?» ብላ አሠልጣኙን ራሱን አሳከከችው። እናቷ፣ «ይቺ ልጅ ስትወለድ አላለቀሰችም፤ የት ነው ያመጣችሁኝ ብላ ዙሪያዋን ነው ያየችው» እያሉ ለጎረቤት ያወራሉ። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል፤ እሷ ግን ነገርን ከሥሩ ስትል ከልብስ መደብር ተባርራለች። ቀሚስ የሚመርጥን ደንበኛ «ለባለቤትዎ ነው?» ብላ ጠይቃ ነበር። አልነበረም።

ባቡሩ ላይ ግን ቦታዋን አገኘች። ሰውን ትክ ብሎ ማየት ነውር ያልሆነበት፣ እንዲያውም ደመወዝ የሚያስገኝበት ሌላ ምን ሥራ አለ? ጠዋት ስትነሳ ደስ ይላታል። ጫማውን ባቡር ውስጥ የሚያስረውን፣ ከመስታወቱ ጋር የሚያወራውን፣ ባሏን እያኮረፈች ትከሻው ላይ የምትተኛውን ሁሉ ታያለች፤ ስለ እያንዳንዱ የምትጠይቀው አላት።

ያ ሁሉ ደስታ በዛሬ ቀን ተንጠልጥሏል። የሙከራ ጊዜዋ ዛሬ ያልቃል። ትናንት ልትወጣ ስትል፣ ጥበቃዎቹ በሌለበት «አቶ ደንብ» የሚሉት አለቃዋ ጠርቶ፣ «ግራጫ ካፖርት የለበሰ ሰውዬ እጁን ሰው ቦርሳ ላይ ሲያሳርፍ ያዩ ተሳፋሪዎች በየቀኑ እየመጡ ይጮኹብኛል። ሰው ፈርቷል። ነገ ይዘሽልኝ ነይ። ከያዝሽው ቋሚ ትሆኛለሽ፤ ካልያዝሽው የመጋዘን ጥበቃ ሰው ጠፍቶበታል» ብሏታል። መጋዘኑን አይታዋለች። አንድ የብረት በርና እስከ ጣሪያ የተደረደረ ጆንያ ነው። ጆንያ ደግሞ ምን ተብሎ ይጠየቃል?

ረፋዱ ላይ ተሳፋሪው ሲሳሳ፣ ያየችውን ለሥራ ባልደረባዋ ነገረችው። ቁመቱም ስፋቱም ለጉድ ስለሆነ «ቁም ሳጥን» ነው የሚባለው፤ በጣቢያው የጥበቃ ክፍል ውስጥ እሱ ከተቀመጠ ሌላው ይቆማል።

«ምን ይገርማል?» አለ ዳቦውን እየገመጠ። «ሰርቆ ሲዘጋው ባለቤቱ ቶሎ አይነቃም። ብልጥ ሌባ ነው።»

«አልሰረቀማ! ዓይኔ እያየ ባዶ እጁን ነው የመለሰው።»

«እንግዲያው ሰነፍ ሌባ ነው።»

«ሰነፍ ከሆነ ዚፕ ለመዝጋት ለምን ይለፋል?»

ቁም ሳጥን በረዥሙ ተነፈሰ። «ስሚ እህቴ፣ ላም ባልዋለበት ኩበት አትልቀሚ። ሰው ከሥራ ሲወጣ እሱም ይመጣል። እኔ ክንዱን እይዝልሻለሁ፣ አለቃ ዘንድ እናደርሰዋለን፣ አንቺም ቋሚ ትሆኛለሽ። የቀረውን ፖሊስ ይጠይቀው፤ መጠየቅ የእነሱ ሥራ ነው።»

የወዳጅ ምክር ነበር። ቁም ሳጥን ክፉ እንዳይገጥማት የሚፈልግ ሰው መሆኑን ታውቃለች። ቢሆንም ነገሩ እንደ ጥርስ ውስጥ ሥጋ ሆነባት። ምንም ያልወሰደን ሰው ይዛ ብትሰጥና ያ ሰው ቢታሰር፣ ቋሚነቱ ሆዷ ውስጥ እንዴት ይቀመጣል? ደግሞም፣ እውነቱን ለመናገር፣ ከርኅራኄዋ ይልቅ ማወቅ መፈለጓ ይብስ ነበር። ሌባ ቢሆን ለምን ይዘጋል? ሌባ ካልሆነ የሰው ቦርሳ ምን አገባው?

በምሳ ዕረፍቷ ኮፍያዋንና አንጸባራቂ ሰደሪያዋን ቁም ሳጥን ዘንድ ጥላ፣ በደንብ ልብሷ ላይ ሹራብ ደርባ ወጣች። የራሷን ቦርሳ አፉን በርግዳ ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለችው። በውስጡ ማበጠሪያ፣ የቤት ቁልፍና ልታስጠግነው የያዘችው የእናቷ መነጽር አለ። የመጣውን ባቡር ሁሉ በመስኮት እያየች ጠበቀች፤ ግራጫው ካፖርት ሲመጣ ገባችና ጀርባዋን ሰጥታው ቆመች።

ቆዳዋ ሁሉ ጆሮ ሆነ። አንድ ጣቢያ አለፈ፤ ምንም የለም። ሌላም አለፈ። ፊቷ ያለው መስታወት ላይ ልታየው ሞከረች፤ የሚታያት የራሷ አፍንጫ ብቻ ሆነ። ተስፋ ቆርጣ ወደ ቦርሳዋ ዝቅ ብላ ስትመለከት ዚፑ ከዳር እስከ ዳር ተዘግቷል።

ለዚህ ሠልጥና፣ ለዚህ ብላ ቆማ፣ ዝንብ ያረፈባት ያህል እንኳ አልተሰማትም። ከፍታ አየች። ማበጠሪያው፣ ቁልፉ፣ መነጽሩ፣ ሁሉም አለ። ዞረች።

«ለምን?» አለችው።

ሰውየው ከሹራቧ ሥር ብቅ ያለውን የደንብ ልብስ ኮሌታ አየ። አልሮጠም፤ ዕድሜውም ለሩጫ የሚሆን አልነበረም። «በሚቀጥለው ጣቢያ ወርደን ብንቀመጥስ?» አለ በትሕትና። «ቆሜ እንዳወራ ጉልበቴ አይፈቅድልኝም።»

ወርደው በባቡር መጠበቂያው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ።

«ሌባ ነበርኩ» አለ፣ ሰው ልብስ ሰፊ ነበርኩ በሚልበት ድምፅ። «ከልጅነቴ ጀምሮ ሌላ ሥራ አላውቅም። መጀመሪያ በአውቶቡስ፣ በኋላ በዚህ ባቡር። ታስሬያለሁ፣ ተደብድቤያለሁ። ከዚያ ተውኩት።»

«ለምን ተዉት?»

«ታከተኝ።»

ሌላ ነገር ጠብቃ ነበር፤ ሕመም፣ ስእለት፣ የልጅ ልመና። ሰውየው ፊቷን ሳያይ ገባው። «ሰው መጥፎ ነገር ሲተው ትልቅ ምክንያት ያለው ይመስላችኋል። እኔ ታክቶኝ ነው። ችግሩ እኔ ተውኩት እንጂ ይሄ አልተወም» አለና እጁን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ጎረቤት አደራ ትቶበት እንደሄደ ውሻ አየው። «ጠዋት ከእኔ ቀድሞ ይነቃል። ቤት ስውል ያመኛል። ጎትቶ ባቡር ላይ ያመጣኛል፤ ክፍት ቦርሳ ካየማ ተው ብለው አይሰማኝም። በመጨረሻ ተደራደርን። እስከ ዚፑ ድረስ ሂድ፣ ከዚያ ወዲያ ግን የኔ ነው አልኩት።»

«አመል ያወጣል ከመሐል» አለች ሳታስበው፤ ከአፏ ካመለጣት በኋላ አፈረች።

«አውጥቶኝ የለ!» ብሎ ሳቀ። ሲስቅ ጥርሱ አንድ ሁለቱ የሉም። «መነጽሩን ከቁልፉ ጋር አታድርጊው፣ ይቧጨራል።»

«እጅዎ አልገባማ! እንዴት አወቁ?»

«ዚፕ ስትዘጊ ቦርሳ ይናገራል፣ ልጄ። ከባዱ በየት በኩል እንዳለ፣ ምን ከምን እንደሚጋጭ ይነግርሻል። ባዶ ከሆነ ደግሞ ወዲያው ነው የሚታወቀው። ይቀልሻል።»

እዚህ ላይ ወይዘሮ ለምን ሥራዋንም ምሳዋንም ረሳች። ጥያቄ በጥያቄ ላይ አከታተለች። የቆዳ ቦርሳ ይሻላል የጨርቅ? ሕፃን ያዘለች ሴት ቦርሳ ሲዘጋ ሕፃኑ ያያል? ያያል፣ አላት፤ ሕፃን ግን አይናገርም። የሰዎቹን ፊትስ አያይም፣ የነቁበት እንደሆነ? «ፊት አላይም» አለ። «ፊት ካየሽ እጅሽ ያፍራል። ዕድሜ ልኬን የሰው ፊት ሳላይ ነው የኖርኩት።»

«እኛም እኮ ፊት አትዩ ነው የምንባለው! ፊት ይዋሻል፣ እጅ አይዋሽም፣ እጅ እዩ ይለናል አሠልጣኛችን።»

«ከአንድ መምህር ነው የተማርነው በዪያ።»

አብረው ሳቁ። ሳቋ ሳያልቅ ግን ለምን እንደመጣች ትዝ አላት፤ ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ከተዉት ወዲህ አንድም ቀን አልገባም? እጅዎ?»

አንድ ባቡር መጥቶ በሮቹን ከፍቶ፣ ዘግቶ ሄደ። «አንድ ቀን ገብቷል» አለ ሰውየው። «ይዞ ወጣ። መልሼ አስቀመጥኩት፤ ግን ገብቶ ነበር። አልዋሽሽም።»

«በጭራሽ» ቢላት ኖሮ ትጠረጥረው ነበር። «አንድ ቀን» ሲላት ግን ማመኑም መጠርጠሩም አቃታት። ሰውየው አሳዘናት፤ ደግሞም በውነት ወደደችው፤ ያ ግን ሥራዋን አላቀለለላትም።

«አባቴ፣ ሰው ፈርቷል» አለችው። «ቦርሳው ላይ የማያውቀው እጅ የሚያይ ሰው፣ ሊዘጋልኝ ነው ብሎ አያስብም። ሕዝቡም ከያዘዎት ሳይጠይቅ ነው የሚመታዎት። እኔም ዛሬ እንድይዝዎት ታዝዣለሁ። አመሻሹ ላይ እንዳላይዎት።»

«ቤቴ ከመጨረሻው ጣቢያ ማዶ ነው። ታዲያ በምን ልግባ?»

«እንግዲያው እጅዎን ኪስዎ ውስጥ ይክተቱት። እስኪወርዱ እንዳይወጣ።»

«እነግረዋለሁ» አለ ሰውየው፤ አልቀለደም።

አመሻሹ ላይ ከሥራ የወጣው ሕዝብ ባቡሩን ሞላው። ጥበቃዋ ኮፍያዋን አጥልቃ፣ ሰደሪያዋን ለብሳ ከበሩ አጠገብ ቆማለች፤ ቁም ሳጥን በፉርጎው ሌላኛው ጫፍ ከሰው ሁሉ በላይ ራሱ ይታያል። ግራጫው ካፖርት መሐል ላይ ነው። ሁለቱም እጆቹ ኪሱ ውስጥ ናቸው። ቁም ሳጥን በዓይኑ «ልያዘው?» አላት። ራሷን ነቀነቀች። ምን አድርጎ ይያዛል? ባይያዝ ግን ነገ ጆንያ ትጠብቃለች። አንድ ጊዜ እጁ ቢወጣና ብትይዘው ነገሩ ባለቀ ነበር፤ እንዳይወጣ ደግሞ ትጸልያለች።

የካፖርቱ ኪስ ውስጥ የሆነ ነገር ይገላበጣል። ጨርቁ ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ያብጣል፣ ይረግባል። ጥበቃዋ እንደተማረችው ዓይኗን ኪሱ ላይ ተክላ ቆየች። በኋላ ግን ያቺ የማታርፈው ጥያቄዋ መጣችባት። ከገዛ እጁ ጋር እንዲህ የሚታገል ሰው ፊቱ ምን ይመስላል?

ቀና ብላ ፊቱን አየች።

ማስነጠስ መጥቶበት እንደሚይዝ ሰው ነበር። ዓይኖቹ ጠበዋል፣ ከንፈሩ ተጣብቋል፣ ጉንጩ ላይ አንዲት ጅማት ትዘላለች። ያሳዝናልም፣ ያስቃልም። ባቡሩ ኩርባው ላይ ዘመመ፣ ሕዝቡም አብሮት ዘሞ ተመለሰ። ጣቢያ ደረሱ፣ ወራጅ ተጋፍቶ ወረደ፣ ተሳፋሪ ተጋፍቶ ገባ፤ እሷ አሁንም ፊቱን ነው የምታየው። ያ ፊት ከመቅጽበት ዘና አለ። በሮቹ ተዘግተው ባቡሩ ሲነሳ ጩኸቱ ተሰማ።

«ስልኬ! ስልኬን ወሰዱብኝ!»

ሰማያዊ ሻሽ ያሰረች ሴት ናት፤ ከሰውየው ፊት ለፊት የተከፈተ ቦርሳዋን ታቅፋ ትንቀጠቀጣለች። «ልጄ ሆስፒታል ነው፤ ሐኪሙ የሚደውልልኝ በሱ ነው! አባካችሁ!» አንዱ፣ «ይሄ ነው! ይሄ ካፖርት ለባሹ! እጁን አይቼዋለሁ!» ብሎ ጮኸ። «አንተ ሌባ!» አለች ሴትየዋ። ከዚያ በኋላ ማን ምን እንዳለ መለየት አልተቻለም። አንድ ቡጢ ከኋላ መጥቶ የሰውየውን ጆሮ መታው፤ ሌላ ሰው ኮሌታውን አነቀው።

ጥበቃዋ በሰው ብብት ሥር ሹልክ ብላ ገባችና ጀርባዋን ለሰውየው፣ ፊቷን ለሕዝቡ ሰጠች። «ማንም እጁን እንዳያነሳ! እሱም ተሳፋሪ ነው!» ድምጿ የራሷ አልመስላት አለ። የተሰነዘረው ክርን ኮፍያዋን ጣለው። ቁም ሳጥን፣ ቁም ሳጥን በጠባብ በር ሲገባ እንደሚገባው በጎኑ እየገፋ ደረሰና ከፊቷ ተገተረ፤ እሱ ከተገተረ በኋላ የሚያልፍ ቡጢ አልነበረም። እስከ መጨረሻው ጣቢያ ድረስ የሰውየው ትንፋሽ ማጅራቷ ላይ ሲንቀጠቀጥ ይሰማት ነበር።

በጥበቃው ክፍል አቶ ደንብ ራሱ ፈተሸው። ከኪሱ መሐረብ፣ የባቡር ቲኬትና አንድ ቁልፍ ወጣ። ካፖርቱን አስወልቆ ገበሩን ዳበሰ፤ ጫማውን አስወልቆ አራገፈ። ስልኩ የለም። ወደ ስልኩ ቢደወልም ዝግ ነው።

«ለግብረ አበሩ አቀብሎታል» አለ አቶ ደንብ። ወደ ጥበቃዋ ዞረ። «አንቺ አጠገቡ ነበርሽ። እጁን አይተሻል?»

«አላየሁም።»

«ምን እያየሽ ነበር?»

«ፊቱን።»

ቁም ሳጥን ዓይኑን ጨፈነ። አቶ ደንብ አላመነም፤ «ፊቱን!» አለ ደግሞ።

ሴትየዋ ወንበር ቢሰጣትም አልተቀመጠችም። «መጨረሻ ያየሁት ከመቀመጫዬ ስነሳ ነው» አለች ለማንም ሳይሆን። «እንዳይርቀኝ ብዬ ቦርሳዬን ክፍቱን ነው የተውኩት። በኋላ ሳየው ተዘግቷል። ማን ዘጋው ብዬ ከፍቼ ስፈልግ የለም።»

«ደንግጠው ነው እመቤቴ፤ ራስዎ ዘግተውት ይሆናል» አለ አቶ ደንብ። «ዛሬ ማታ ኦፕራሲዮን ሊያደርጉት ነው ልጄን» አለች እሷ። «ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ መቼ ፈቃድ ስጪ እንደሚሉኝ...» ንግግሯን ሳትጨርስ ፊቷን በሻሿ ሸፈነች።

ጥበቃዋ ግን የተዘጋውን ቦርሳ ነገር ሰምታለች። በዚያ ክፍል ውስጥ ትርጉሙን የምታውቅ እሷ ብቻ ናት። እጁ ወጥቷል ማለት ነው፤ ያ ፊት ዘና ያለው ለዚህ ነው። ወይ ሌላ ሌባ የበረበረውን ባዶ ቦርሳ ዘግቶታል፤ ወይ እንደዚያ እንደ አንዱ ቀን እጁ ገብቶ ነበር፣ ከዚያም እንደ አመሉ ዘጋው። የቱ ነው? ሰውየውን ቀና ብላ ብታየው እሱ ወለሉን ያያል።

«ንብረት ያልተገኘበትን ሰው ማቆየት ደንቡ አይፈቅድልኝም» አለ አቶ ደንብ በብስጭት። «ተነስ ሰውዬ፣ ሂድ። ሁለተኛ እዚህ ባቡር ላይ እንዳላይህ። አንቺም ነገ ጠዋት መጋዘን ትገኛለሽ።»

ሰውየው ጫማውን አጥልቆ ካፖርቱን በክንዱ ይዞ ተነሳ። ጆሮው አብጧል። ወደ በሩ ሄዶ እጀታውን ያዘ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፤ ጥበቃዋ ዝም ብትል ሰውየው ቤቱ ይገባል፣ እሷም መጋዘኗ ትገባለች፣ ነገሩ ያበቃል። ብትጠይቀው ግን እጁ ቦርሳው ላይ እንደነበረ በአለቃዋ ፊት ትናገራለች፤ ከዚህ በፊት ታስሮ ለሚያውቅ ሰው ያ ይበቃል። ሴትየዋን አየች። ከሻሿ ሥር ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። በሕይወቷ መጠየቅ ከብዷት አያውቅም፤ ይሄኛው ግን ከበዳት።

«አባቴ» አለች። «የእሷን ቦርሳ ሲዘጉት ስልኩ ነበረበት?»

አቶ ደንብ ቀና አለ። ቁም ሳጥን «ኧረ እህቴ...» ብሎ ተወው። ሰውየው ጀርባውን እንደሰጣቸው በሩ ላይ ቆመ። በሩ ገርበብ ብሏል፤ የሕዝቡ ኮቴ ይሰማል፤ «የምን መዝጋት?» ብሎ መውጣት ይችል ነበር። ማንም አያስቀረውም።

በሩን መልሶ ዘጋው። መጥቶም የተነሳበት ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ሁለቱንም እጆቹን ጠረጴዛው ላይ አኖራቸው።

«አልነበረበትም» አለ። «ቀሎኛል።»

«ነካሁ አለ! ሰምታችኋል፣ በአፉ አመነ!» አቶ ደንብ ለፖሊስ ሊደውል ስልኩን አነሳ።

«አዎ፣ ነክቻለሁ። ግን ከኔ በፊት ሌላ እጅ ገብቶ ነበር። አይቼዋለሁ። በቀኝ ትከሻዬ በኩል ነው የመጣው፤ ፈጣን ነው፣ የወጣት እጅ ነው። ልይዘው አሰብኩ፣ ግን የኔ እጅ ሰው መያዝ አያውቅም፤ ሌባው ወረደ፣ እኔም የማውቀውን አደረግኩ፤ ዘጋሁት።»

ሴትየዋ ሻሿን ከፊቷ አነሳች። ጥቂት ቀደም ብላ «አንተ ሌባ» ያለችውን ሰው ተጠግታ ጠረጴዛውን ያዘች። «አባቴ፣ ማን ነው? ምን ይመስላል?»

«አላውቅም፣ ልጄ። ፊት አላይም። ያየሁት እጁን ብቻ ነው።»

«ይኸው!» አለ አቶ ደንብ። «ፊት የሌለው ሌባ!»

ጥበቃዋ መልስ አልሰጠችውም። በቀኝ ትከሻው በኩል፣ ብሏል። ዓይኗን ጨፈነች። ሰውየው እውነቱን ይሁን ሌላ ሰው ላይ ያላክክ አታውቅም፤ ለማወቅ ያላት መንገድ አንድ ብቻ ነበር። ፉርጎው እንዳለ መጣላት፤ የተጨናነቀው ሕዝብ፣ የሚወዛወዘው መያዣ፣ መሐል ላይ ማስነጠሱን የያዘው ፊት። ያንን ፊት ለቅቃ በቀኝ ትከሻው በኩል አሻግራ አየች። የቆሙት ሁሉ አንገታቸውን ደፍተው ስልካቸውን ያያሉ። አንዱ ብቻ አልደፋም። ጣሪያውን ነው የሚያየው።

«አንድ ፊት አለ» አለች።

አቶ ደንብ የያዘውን ስልክ አላስቀመጠውም፣ አልደወለበትምም። «የቱ?» አለ።

«ከኋላው። ወጣት ነው።»

«ጢም አለው?» አለች ሴትየዋ። «ምን ለብሷል?» አለ ቁም ሳጥን። «ከየት ነው የወረደው፣ እኛ ከነበርንበት በር ነው?» ሰውየውም እጆቹን ከጠረጴዛው ላይ ሳያነሳ፣ «ከትከሻዬ በታች ነው በላይ ቁመቱ?» አላት። እስከ ዛሬ በአንድ ጊዜ ይህን ያህል ተጠይቃ አታውቅም። ዓይኗን እንደጨፈነች እጇን ወደ እነሱ ዘረጋች።

«ቆዩ» አለች። «ቆዩ፣ ፊቱ እየዞረ ነው።»